የአሥራ ዘጠኝ ቀኑ ቅድመ አያት

ኔቪል ፒሊንግ ከባላባት ዘር መሆኑን ለእህቱ ለመንገር የደወለው እሑድ ከምሳ በኋላ ነበር። ቴልማ ሳህን እያጠበች ስለነበር ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል አጣብቃ ሰማችው።

«ቁጭ ብለሻል?» አላት።

«ቆሜ ሳህን እያጠብኩ ነው።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ። አያታችን የንጉሥ ፈረሰኛ ነው። ሰር ሮጀር ይባላል። ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል። ጋሻው ላይ ሦስት ወፎች አሉት።»

ቴልማ ድስቱን ደፍታ አስቀመጠች። «የምን ወፍ?»

«እኔ ምን አውቄ። ወፍ ነዋ።»

«ዶሮ እንዳይሆን ብቻ» አለችና ሥራ ላይ ነኝ ብላ ዘጋችው።

በእንግሊዝ አገር የዳርዌን ከተማ ፒሊንጎች ከፈትልና ከሽመና ሌላ ሥራ ኖሯቸው አያውቅም። አባታቸው አልበርት ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ጆሮው እስኪደነቁር ድረስ ሲሸምን የኖረ ሰው ነው። ቴልማ ራሷ በአሥራ ስድስት ዓመቷ የግድግዳ ወረቀት ፋብሪካ ገብታ ሠላሳ አራት ዓመት እዚያው ሠርታለች። ሥራዋ ከማሽን የሚወጣውን ጥቅል እየዘረጋች እንከን መፈለግ ነበር። አበባው ከአበባው፣ ቅጠሉ ከቅጠሉ ያልገጠመበትን ቦታ ታያለች፣ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች፣ ትጥላለች። አለቆቿ «ዓይን አላት» ይሉ ነበር። ባሏ ዴሪክ ነፍሱን ይማረውና «ዓይን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ አፍም አላት» ይል ነበር።

ኔቪል ግን ሽመናውንም ፋብሪካውንም ገና በልጅነቱ ነው የናቀው። በሦስት ዓመት ታናሿ ነው። ከቤት ጓሮ ጋር የሚገጠም የመስታወት ክፍል እየዞረ ሲሸጥ ሀብት አፈራ፣ ዳርዌንን ለቀቀ፣ የጎልፍ ሜዳ አጠገብ ቤት ሠራ። ሁለት መኪና አለው፣ የሚነዳው ግን አንዱን ነው። ሚስቱ ግሌኒስ ሁለተኛውን በወር አንዴ ታጥበዋለች።

የዘር ሐረጉ ነገር የጀመረው ለገና በዓል ታብሌት ሲሰጡት ነው። ማስታወቂያ አየና በዓለም ላይ አለ የተባለውን ውዱን የዓመት ክፍያ ከፈለ። የቻይናና የፔሩ መዝገብ ሳይቀር የሚያሳይ ጥቅል ነው። ፒሊንጎች ከዳርዌን ወጥተው ርቀው ሄዱ ቢባል ብላክፑል ድረስ ነው፣ እሱም ባሕር ዳር ሊዝናኑ፤ ፔሩ ማን ሄዶ። ይህ አልበቃ ብሎት በትንሽ ጠርሙስ ምራቁን ተፍቶ ለዘር ምርመራ በፖስታ ላከ። ስድስት ከመቶ ኖርዌያዊ ነህ ተብሎ ሲመለስለት ጢሙን አሳደገ። ቴልማ ጢሙን ባየች ጊዜ «ዘጠና አራት ከመቶው ደግሞ ይላጭ» ብላዋለች።

ሥራውም ሥራ አልነበረም። ድረ ገጹ «ይህ ሰው አያትዎ ሊሆን ይችላል» ብሎ ይጠይቀዋል። ኔቪል «አዎ»ን ይጫናል። እንደገና ይጠይቀዋል፤ «አዎ» ይላል። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ይሄዳል። በሁለት ወር ውስጥ እንዲህ «አዎ» እያለ ነው ሰር ሮጀር ዘንድ የደረሰው።

ቴልማ የቤተሰቧን ነገር መፈለግ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር፤ ኔቪል ያለፈበትን መንገድ ግማሹን እንኳ አልሄደችም። እንዲያውም ባለመሄዷ ትኮራለች። ማክሰኞና ሐሙስ ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች። ኔቪል ያን ሁሉ የከፈለበት ድረ ገጽ እዚያ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ላለው ሁሉ በነፃ ይከፈታል። ይህን ስትነግረው «እኔ ሰው በተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀምጬ አያቴን አልፈልግም» አላት። የመንግሥት የልደትና የሞት ማውጫ በነፃ ይታያል፤ የእናትየዋን ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም ሳይቀር ይናገራል። የየደብሩን የጥምቀትና የቀብር መዝገብ ደግሞ ጡረተኞች ከማይክሮፊልም እያነበቡ፣ ዓይናቸው እያለቀ፣ ፊደል በፊደል ጽፈው ለሕዝብ አኑረውታል። የግድ መክፈል ሲመጣ ቴልማ የምትፈልጋቸውን ስሞች ዓመቱን ሙሉ በደብተር ስታጠራቅም ትቆይና በየካቲት የአንድ ወር ብቻ ትገዛለች። በገዛችበት ቀን ያንኑ ሰዓት ትሰርዘዋለች፣ ሳታውቀው እንዳይታደስባት። ወሩ እስኪያልቅ ድረስ እንደሆነ አይዘጋባትም።

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጠው ዊልፍ ኦርመሮድ ነው። የአውቶቡስ መካኒክ የነበረ፣ ጣቶቹ ወፋፍራም፣ በሁለት ጣት ብቻ የሚጽፍ ሰው ነው። በእነዚያ ሁለት ጣቶች አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ጥምቀት ሲጽፍ ኖሯል፤ ማንም አልከፈለውም፣ ማንም አላመሰገነውም። ቴልማ ከሰው ሁሉ የማትንቀው እሱን ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሚያዝያ ኔቪል አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ይዞ እቤቷ መጣ። ሰባኛ ዓመቱን በጥቅምት በጎልፍ ክበቡ አዳራሽ ሊያከብር ነው። ጋሻው ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ የዘር ሐረጉ ደግሞ በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ለእንግዳ ሁሉ ይታደላል።

«ፊደሉን ብቻ እይልኝ» አላት። «አንቺ ስሕተት ማየት ትችያለሽ።»

«ፊደሉን ብቻ?»

«ፊደሉን ብቻ፣ የኔ እመቤት። ሌላውን ባለሙያ ሠርቶታል።»

«የቱ ባለሙያ?»

«ኮምፒውተሩ።»

ቴልማ ወረቀቱን ተቀበለችው። ፊደሉን ብቻ ለማየት አስባ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ሐሙስ ጠዋት ዊልፍ አጠገብ ዘረጋችውና ከታች ወደ ላይ ስም በስም ትመረምር ጀመር። አልበርት ልክ ነው። የአልበርት አባት ልክ ነው። እንዲህ እያለች ስድስት ትውልድ ድረስ አንድም እንከን አላገኘችም፣ ይህም አናደዳት። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ሮበርት ፒሊንግ የሚባል ሸማኔ አገኘች። ዳርዌን ላይ እንዳገባና እዚሁ እንደሞተ እሷም ታውቃለች። ወረቀቱ ግን ሮበርት የተወለደው በዮርክሻየር ብራክንደን በሚባል ደብር ነው ይላል፤ አባቱ መሬት ያለው፣ እናቱ ደግሞ የሰር ሮጀር ዘር። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጋሻና ጦር ነው።

«ዊልፍ» አለች፣ «የባለ መሬት ልጅ አርባ ማይል በእግሩ መጥቶ ዳርዌን ላይ ሽመና ይማራል?»

«ራሱን ካልሳተ በቀር።»

«ይኸው የጥምቀቱ መዝገብ አለ። ኔቪል የሚለው ይኸን ነው። ሮበርት፣ 1741።»

ዊልፍ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ሲጠመቅ አይተውታል። ሲቀበር ያየ አለ?»

የዮርክሻየር በጎ ፈቃደኞች የሠሩት ድረ ገጽ አለ፤ ቀለሙ ዓይን የሚያሳምም አረንጓዴ ነው፣ ፊደሉም ጉንዳን ያክላል። የአገሩን የቀብር መዝገብ ግን አንድ ሳይቀር ይዟል፣ ሳንቲምም አይጠይቅም። ዊልፍ በሁለት ጣቱ ስሙን ጻፈ፣ ደብሩን ጻፈ፣ ዓመቱን ጻፈ። አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ሮበርት፣ የሮበርት ፒሊንግ ሕፃን ልጅ፣ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ቀን።

ቴልማ ሌላ ሮበርት እዚያ ደብር ተጠምቆ እንደሆነ ለማወቅ ከፊትና ከኋላ ሃያ ሃያ ዓመት ፈለገች። የለም። አባትየው ከዚያ በኋላ ሴት ልጆች ብቻ ወልዶ ሞቷል።

«ስንት ሰው ነው ከዚህ ሕፃን ተወለድኩ የሚለው?» አለ ዊልፍ።

ቴልማ በቤተ መጻሕፍቱ ካርድ ያንን የከበረ ድረ ገጽ ከፈተችና ቆጠረች። ሠላሳ ስምንት የዘር ሐረግ ላይ አለ። አንዱ ላይማ ለሕፃኑ የጎልማሳ ሥዕል ተደርጎለት ባርኔጣ አድርጓል።

«ሠላሳ ስምንት ደነዝ» አለች።

«ቀስ በይ» አላት ዊልፍ። «አንቺስ የዚያን ጄምስ ነገር ረሳሽው? አንዲት የልደት ምስክር ወረቀት አልገዛም ብለሽ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አያት ተሸክመሽ የዞርሽው?»

ቴልማ ይህ ሲነሳባት አትወድም። እውነት ስለሆነ ግን ወረቀቱን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ በአውቶቡስ ኔቪል ቤት ሄደች። ከራሱ ሱቅ ባወጣው የመስታወት ክፍል ውስጥ አስቀመጣትና ግሌኒስ ኬክ አቀረበች። ቴልማ ኬኩን ሳትነካ ነገሩን ዘረዘረችለት። ኔቪል መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ታብሌቱን አመጣ።

«ሠላሳ ስምንት ቦታ አለ። ሠላሳ ስምንት ሰው እንዴት ይሳሳታል?»

«አንዱ ነው የተሳሳተው። ሠላሳ ሰባቱ ቀዱ።»

«ያንቺኛው ነፃ ነው አይደል?»

«ነፃ ነው።»

«በቃ። ነፃ ነገር ነፃ ነው። እኔ ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ።»

«ከፍለህ የገዛኸው የሕፃን ሬሳ ነው፣ ኔቪል። ይሄ ልጅ እንኳን ሊወልድ ጥርስ አላበቀለም።»

ግሌኒስ ሳህኑን አነሳች። ኔቪል ጢሙን እየጎተተ፣ «ቅናት ነው» አለ። «አባዬም እንዲሁ ነበር። ሰው ቀና ሲል አይወድም። አንቺ ደግሞ ልክ እሱን።»

ቴልማ ኮቷን ለበሰች። በአውቶቡሱ መስኮት ዝናቡን እያየች ስትመለስ የቆጫት ስድቡ አይደለም፤ ከዚያ የባሰ ስድብ ከፋብሪካ ሴቶች ሰምታ አሳልፋለች። የቆጫት፣ ሲናገር ድምፁ የአባታቸውን ድምፅ መምሰሉ ነው። አባታቸውን የሚመስለው እሱ ሆኖ ሳለ።

ሰር ሮጀር ይቅር፤ ሸማኔው ሮበርት ግን ከሆነ ሰው መወለዱ መቼም አይቀርም። ቴልማ እነዚያን የበጋ ወራት ለእሱ ሰጠች። ሩቅ አልሄደችም። ዊልፍ ራሱ ከስምንት ዓመት በፊት የጻፈው የገዛ ደብራቸው የጥምቀት መዝገብ ላይ ነበር፦ ሮበርት፣ የቤቲ ፒሊንግ ልጅ፣ 1743። የአባት ስም የለም። በቦታው ጸሐፊው አንዲት ክፉ ቃል አስፍሯል፤ በዚያ ዘመን ያለ አባት ለተወለደ ልጅ የሚጻፈውን።

ዊልፍ አፈረ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ አላስታውሰውም» አለ።

«አርባ ሺህ ሰው ጽፈህ አንዱን ብትረሳ ምን አለበት።»

የአውራጃው መዝገብ ቤት ማውጫ በነፃ ይፈለጋል። ሰነዱ ራሱ ኢንተርኔት ላይ የለም፣ የሚከፍል ቢኖርም አይገኝም፤ ርእሱ ግን አለ። ቴልማ «ቤቲ»ን ጻፈች፣ ምንም አልወጣም። «ኤልሳቤጥ» ብላ በሙሉ ስሟ ስትጽፍ ወጣች። ኤልሳቤጥ ፒሊንግ፣ ያላገባች፣ በዳኞች ፊት የሰጠችው ቃል። ቴልማ በማግስቱ የጡረተኛ የአውቶቡስ ካርዷን ይዛ፣ ዳቦ በቺዝ ጠቅልላ፣ መዝገብ ቤቱ ወዳለበት ወደ ፕሬስተን ወረደች።

ወረቀቱን እንዳይጎዳ በትራስ ላይ አድርገው አመጡላት። ከመዳፏ ብዙም አይበልጥም። ጽሕፈቱን ለማንበብ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባት። ዳኞቹ ቤቲን ጠርተው የልጅሽ አባት ማነው ብለዋታል፤ ስሙን ካልነገረች የልጁ ቀለብ በደብሩ ላይ ስለሚወድቅ። ስሙን አልናገርም ብላለች። ወኅኒ እንደሚያወርዷት ነግረዋታል። እናንተ ታውቃላችሁ ብላለች። ለምን አትናገሪም ተብላ ስትጠየቅ፣ ጸሐፊው እንደ ወረደ አስፍሮታል፦ ሰውየው ቢመጣም አይረባኝም፤ እናንተም ብትሆኑ እስካሁን አልረባችሁኝም ብላ መለሰች። ከሥሩ መስቀል የመሰለ የጣት ያህል ምልክት አለ፤ መጻፍ ስለማትችል። ሦስት ወር ከነልጇ ወኅኒ ወርዳለች።

ቴልማ ቅጂ አስነሥታ ከፈለች። ስትከፍል አልተነጫነጨችም። ዳቦዋን ውጪ ደረጃው ላይ ተቀምጣ በላች፤ ሁለት ጊዜ ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱ መኖሩን አየች።

የጥቅምቱ ግብዣ እንደተባለው ሆነ። ጋሻው ከመጠጥ መሸጫው በላይ ተሰቅሏል። ሦስቱ ወፎች የምር ዶሮ ይመስሉ ነበር፤ ቴልማ ይህን ለማንም አልተናገረችም፣ ለራሷ ግን ደስ አላት። መጽሐፉ አንድም ሳይታረም ታትሞ በየሳህኑ አጠገብ ተቀምጧል። ኔቪል ተነሥቶ ስለ ደም ተናገረ፤ ደም እንደማይዋሽ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ይሰማው እንደነበር። ቴልማ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ይሰማው የነበረው ረሀብ ነው።

እዚያው ተነሥታ የአሥራ ዘጠኝ ቀኑን ልጅ ብትነግራቸው አዳራሹ ይገለበጥ ነበር። አሰበችው፣ ተወችው። ለእሱ አዝና አይደለም። ከፍሎ ያገኘውን ከፍሎ ይወቀው ብላ ነው።

አጠገቧ የተቀመጠችው የጥርስ ሐኪም ሚስት ግን ጎንበስ አለችና «እርስዎም እንግዲህ የሰር ሮጀር ዘር ነዎት» አለቻት።

«እኔ የቤቲ ዘር ነኝ።»

«ቤቲ ደግሞ ማናት?»

ቴልማ ነገረቻት። ድምፅዋን አላነሣችም፤ ሠላሳ አራት ዓመት ከማሽን ጋር ስለኖረች ግን ቀስ ብላ ማውራት አትችልም። «እናንተም ብትሆኑ እስካሁን አልረባችሁኝም» የሚለው ላይ ስትደርስ ጠረጴዛው በሙሉ ይሰማት ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መሀረብ አወጣ። ከሌላ ጠረጴዛ ሁለት ሴቶች ወንበራቸውን ጎትተው መጡ፤ አንዷ ወረቀቱን ካላየሁ ብላ ቴልማ ቅጂውን ከቦርሳዋ አወጣችላት። ከጋሻው ሥር የቆመው ኔቪል አጠገቡ ማንም አልቀረም።

መጥቶ ከኋላቸው ቆመ። «ምንድነው የሚያስቀው?»

«አያትህ» አለው የጥርስ ሐኪሙ። «ዳኞቹን ልክ አስገባቻቸው።»

«የትኛዋ አያቴ?»

ግሌኒስ ወረቀቱን ከሴትየዋ እጅ ወስዳ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ባሏን ቀና ብላ አየችውና «ይቺ እህትህን ትመስላለች» አለችው። ኔቪል ኬኩን ሊቆርስ ሄደ።

በጥር ስልክ ደወለ። የሰላምታውን ጊዜ አሳጠረው።

«የኔ እመቤት፣ ያ ድረ ገጽ ሳይጠይቀኝ የዓመቱን ክፍያ ቆረጠብኝ።»

«ይቆርጣል። አንብበህ ተስማምተሃል።»

«እንዴት ነው የሚሰረዘው?»

«በገዛህበት ቀን ነበር መሰረዝ።»

«እሱማ አለፈ። አሁንስ?»

ነገረችው፣ ደረጃ በደረጃ፣ ሁለት ጊዜ። በኋላ ሐሙስ ቤተ መጻሕፍት ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ጠየቃት። መጣም። ወንበሩ ወገቤን አለ፣ ክፍሉ ቀዘቀዘኝ አለ፣ ዊልፍን ስንት ይከፍሉሃል ብሎ ጠየቀው። ምንም አይከፍሉኝም ሲለው እንደ እብድ አየው። አንድ ሰዓት ተኩል ቆየ። የቤቲን ልጅ ጥምቀት ስክሪኑ ላይ አሳየችው፣ ያቺን ክፉ ቃል ጭምር። ጣቱን አስጠግቶ አነበበ። «ሰዎቹ ጨካኞች ነበሩ» አለና መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመልሶ አያውቅም። ጋሻውንም አልጣለም፤ ከክበቡ ወደ ቤቱ ተወስዶ ዛሬም ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል።

በመጋቢት ግሌኒስ ገበያ ላይ ቴልማን አገኘቻትና ሳቋን እያፈነች ነገረቻት። ኔቪል በጎልፍ ክበቡ ስለ ቤቲ ንግግር ሊያደርግ ተጋብዟል። ፕሬስተን ድረስ ሄጄ፣ አቧራ ውስጥ ገብቼ፣ በገዛ እጄ አገኘኋት እያለ ነው።

ቴልማ የያዘችውን ጎመን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። «ድንቄም አገኘ። ፕሬስተን የት እንደሆነ ያውቃል?»

«በመኪናው መንገድ ጠቋሚ መሣሪያ ይፈልገዋል።»

«የተናገረችውን ሳያበላሽ ይላል?»

«ቃል በቃል። ማታ ማታ መስታወት ፊት ይለማመደዋል።»

ቴልማ ትንሽ አሰበች። «ወኅኒው ሦስት ወር ነው በይው። ስድስት ብሎ እንዳይጨምርበት» አለችና አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ፈጠን ብላ ሄደች። ሐሙስ ዕለት ለዊልፍ ስትነግረው ዊልፍ ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ሳቀና፣ ይቺን ቃል አንብቢልኝ፣ «ፈታይ» ነው ወይስ «ፈታኝ» አላት። ቴልማ ወንበሯን አስጠግታ አየችው።

«ፈታይ ነው» አለች። «ደነዝ ጸሐፊ። ፊደሉን ተመልከተው።»